አባባ ጡሩንባና ባለ አራት እግሯ ሞተር

ባለፈው ሳምንት በካዛንቺስ በኩል ሳልፍ አንድ ሽታ አስቆመኝ። የምግብ ሽታ እንዳይመስልህ። በንዚን ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሲቃጠል የሚወጣው፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ግን ደግሞ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ጭስ ነው። ዘወር ብዬ ሳይ አንድ ቱታ የለበሰ ልጅ ማሽን በትከሻው አንግቶ ሳር ያጭዳል። ሳሩ ያለበት ቦታ ድሮ የእኛ ግቢ ነበር፤ ልጁ የቆመው፣ ካልተሳሳትኩ፣ እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ላይ ነው። ቆሜ ጭሱን ስምግ አየኝና ማሽኑን አጥፍቶ፣ «ማዘር፣ ሰው እየጠበቅሽ ነው?» አለኝ። ማዘር! እኔን! «ሥራህን ሥራ፣ ማሽኑንም አታጥፋው» አልኩት። ደንግጦ መልሶ አስነሳው። እኔም ዓይኔን ጨፈን አደረግኩና ወንድሜን፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ሆኖ፣ የዚያችን መዓተኛ ሞተር ካንዴላ ሲፈታ አየሁት።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አለዚያ ወንድሜን ጻድቅ አድርገህ ታስበዋለህ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ባለ አራት እግር ሞተር ለዘበኛው ትቶለት ሄደ። ስፖርት የሚሏት ዓይነት ናት፤ ፈረንጆቹ አሸዋ ላይ የሚፈነጩባት፣ ከፊት ሁለት ከኋላ ሁለት ጎማ ያላት፣ የኋላዎቹ እንደ ትራስ የሰፉ። ሞተሯ ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ዶሮ ነበር የሚያድርባት። ወንድሜ ግን እንደ ሙሽራ አያት። ያኔ ማትሪክ አልመጣለት ብሎ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ይለማመድ ነበር። ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ብስክሌቱን ሰጠ፣ ቴፑን ሰጠ፣ ዘበኛው አሁንም ፊቱን አልፈታ ሲለው የአባታችንን አዲስ ካፖርት ጨመረለት።

አባቴ መስቀል ፍላወር አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ካፖርቱ የት እንደገባ ያወቀው አንድ ማለዳ ወደ ሱቁ ሲሄድ፣ ዘበኛው ለብሶት በር ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ሲለው ነው። ማታ ቤት ገብቶ ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ይቺ ነገር አንድ ቀን ድምፅ ስታወጣ ብሰማ፣ በነጋታው ለቁራሌው ነው የምሰጣት» አለ። ቁራሌው አሮጌ ብረት የሚገዛው ነው። ወንድሜ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፅ እንድታወጣ።

እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን እንጨት ነው። «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንኳን ያፍራል። ስለዚህ ዕቃ መለዋወጡ የእኔ ሥራ ሆነ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ዘይት የነካው ብረት በላስቲክ ጠቅልዬ ከደብተሬ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ የቡልጋሪያን ጋራዦች አንድ በአንድ አዳርስ ነበር። «አንቺ ሚጢጢ፣ ይሄን ከየት ሰረቅሽው?» ይሉኛል። «ሂድና አባትህን ጠይቀው» እላለሁ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያከብሩኛል።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ በዚያን ጊዜ ለእንደዚያ ዓይነት ሞተር መለዋወጫ የሚባል ነገር በከተማው አልነበረም። የሌላ ሞተር ዕቃ ፈልጎ፣ ሞርዶ፣ ጠግኖ ማስገባት ነው። የሚገኘውም በልዋጭ ነው። ለፒስተን የፊት መብራቷን ሰጠን። ለካቴና፣ ለሰንሰለቷ፣ ወንበሯን ሰጠን፤ በምትኩ የእናቴን የሶፋ ትራስ አሰርንበት። ለካንዴላ፣ እሳት ለምትጭርላት፣ የማጥፊያ ቁልፏን ሰጠን፤ «ገና ሳትነሳ ማጥፊያ ምን ያደርግልናል?» ያለው ወንድሜ ነው፤ እኔ የለሁበትም። በንዚን የሚያጠጣት ካርቡራተር የተገኘው ደግሞ ማርሚታዋ፣ ማለትም የጭስ ማውጫዋ ከነድምፅ ማፈኛው ተሰጥቶ ነው። አንድ ነገር በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይወጣል። እናቴ አንድ ቀን ጓሮ ወጥታ የተዘረጋውን ብረት አየችና፣ «ልጆች፣ እየሠራችኋት ነው ወይስ እያረዳችኋት?» አለችን።

የእድሩ ቤት ከግቢያችን ጋር አጥር ይጋራል። ከጀርባው ተጣሞ የተጣለ የድንኳን ብረት ዝጎ ተኝቶ ነበር። ወንድሜ አጥሩን ዘሎ አመጣውና ለጭስ ማውጫነት ቆረጠው። ጓደኛው በያጅ ነበር፤ የብረቱን ጫፍ እንደ እንቅብ ከፈት አድርጎ በየደው። «ለምን ከፈትከው?» አልኩት። «ሳውንዱ ያብዳል!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አበደ።

እዚህ ላይ አባባ ጡሩንባን ላስተዋውቅህ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ትልቁም ትንሹም እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። በጉልምስናቸው የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጡ ስለነበር ድምፃቸው ከፊት በር እስከ ኋላ በር ይደርሳል። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ይወጡና በየመታጠፊያው ቆመው ሦስቴ ይነፋሉ፤ አንዴ ያስላሉ፤ ከዚያ «የእድራችን አባል ወይዘሮ እገሊት ስላረፉ፣ ቀብር ዛሬ ስድስት ሰዓት! ለቀብር ውጡ ተብላችኋል!» ይላሉ። «ስድስት ሰዓት» የምትለዋን ሲሏት ቀጣዩን ፌርማታ የሚጠሩ ነው የሚመስለው። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ያቺ በገመድ አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠል ጡሩንባ ናት።

በዚያ ክረምት ጉልበታቸው አብጦ እምቢ አላቸው። አንድ ቀብር ለላይኛው መንደር ሳይነገር ቀረ። የላይኛው መንደር ሰዎች «እኛ ሰው አይደለንም?» ብለው አኮረፉ። ሞባይል የሚሸጠው ጎረቤታችን ደግሞ አጋጣሚውን አገኘና፣ «ስልክ እያለ ጡሩንባ ምን ያደርጋል? ሰውየውም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ» እያለ ሰፈሩን ማሳመን ጀመረ። አባባ ጡሩንባ ይህን የሰሙ ዕለት ቤታችን መጥተው ለእናቴ፣ «ልጄ፣ ጡሩንባዬን ከወሰዱብኝ ማን ብለው ሊጠሩኝ ነው?» አሏት። እናቴ ሻይ ቀዳችላቸው።

አንድ እሑድ እናትና አባቴ ለቅዳሴ እንደወጡ ወንድሜ ቀሰቀሰኝ። ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ቆርቆሮው ይንጠባጠባል፤ ግቢው እርጥብ አፈርና በንዚን ይሸታል። ወንድሜ የማስነሻዋን ፔዳል ረገጠ። ምንም። ደግሞ ረገጠ። ምንም። «ጸልዪ» አለኝ። «አንተ ጸልይ፣ ካፖርት የሰጠሁት እኔ አይደለሁም» አልኩት። ተናደደና ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጣት።

ተነሳች። ግን እንደ ሞተር አልጮኸችም። ከዚያ የድንኳን ብረት ውስጥ «ጡ፣ ጡ፣ ጡኡኡኡኡ» የሚል፣ የተጎተተ፣ ሻካራ፣ የሚያላዝን ድምፅ ወጣ። ወንድሜ በደስታ ይዘላል። እኔ ግን ድምፁን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

«አጥፋት!» አልኩት።

«አብደሻል? ሠራች እኮ!»

«አጥፋት ነው የምልህ!»

በምን ያጥፋት? ማጥፊያዋ በካንዴላ ተለውጧል። እሱ የካንዴላዋን ገመድ በእጁ ነቅሎ፣ ኤሌክትሪክ አንቀጥቅጦት፣ ጭቃ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሞተሯ ሰፈሩን አዳረሰች።

ዝም ስትል የየቤቱ በር ሲንቋቋ ተሰማ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሰው ነጠላውን እያጣፋ ወደ መንገዱ ይወጣል። «ማነው ያረፈው?» «እኔ እንጃ፣ ስም አልጠራም።» አንዱ ጆሮውን አቅንቶ ቆም አለና፣ «ሦስቴ አልነፋም፣ አላሳለም። ይሄ የአባባ ጡሩንባ አነፋፍ አይደለም» አለ።

«ታዲያ ማን ነፋው?»

ይሄኔ የጥጓ ባለሱቅ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከረሜላ በዱቤ የሚበላባት፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «እሳቸው ካልነፉማ እሳቸው ናቸው የሞቱት! ሲታመሙ አልነበር እንዴ! ወይኔ አባባ ጡሩንባ! ወይኔ የሚነፋላቸው አጥተው!»

አለቀ። ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ወደ አባባ ጡሩንባ ቤት ጎረፈ። ባለሱቋ ከፊት፣ ደረቷን እየደቃች። ሞባይል ሻጩ ራሱ እንባውን እየጠረገ፣ «ምን ዓይነት ሰው አጣን! እንዲያው ምን ዓይነት ሰው!» ይላል። እኔና ወንድሜ ከኋላ ከኋላ ተከተልን፤ ምን እናድርግ፣ እውነቱን ብንናገር ማን ሊሰማን?

ባለሱቋ ደጃፋቸው ላይ ተደፍታ ስትጮህ በሩ ተከፈተ። አባባ ጡሩንባ በረጅሙ የውስጥ ሱሪያቸው፣ ጋቢ ደርበው፣ በአንድ እጅ ከዘራ በአንድ እጅ ጡሩንባ ይዘው ወጡ። ንዴታቸው ልክ አልነበረውም። «ማነው በእኔ ሰፈር የሚነፋው?» አሉ። ከጩኸቱ ብዛት ማንም አልሰማቸውም። ጎንበስ ብለው ባለሱቋን በከዘራቸው ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ልጄ፣ ማነው የሞተው? ለእኔ ሳይነገር ማን ሞተ?»

ቀና ሳትል፣ «እርስዎ ነዎት እንጂ አባባ!» አለቻቸው። ከዚያ ቀና አለች።

ያ ጩኸት ኦሎምፒያ ተሰምቷል ቢሉኝ አምናለሁ። ግማሹ ሰው ሮጠ፣ ግማሹ አማተበ። አባባ ጡሩንባ ግን የነገሩን ውል ሲያገኙት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጡሩንባቸውን አንስተው ሦስቴ ነፉ፤ አንዴ አሳሉ። «የእድራችን አባል ጡሩንባ ነፊው ስላልሞቱ፣ ቀብር የለም! ወደየቤታችሁ ግቡ ተብላችኋል!»

ድምፁ ከእኛ ግቢ እንደወጣ ሰፈሩ ወዲያው ደረሰበት፤ በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ ደግሞ የእድሩ የወር ስብሰባ ነበር። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነገሩን መንገድ ላይ ሰምቶ፣ ቤት ሳይገባ ቀጥታ ስብሰባው ላይ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔና ወንድሜ በመስኮቱ እናያለን። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም ነገር በሥነ ሥርዓት ነው። «የእድሩን ብረት ያለፈቃድ ወስዶ፣ በሕይወት ያለ አባል ሞተ ብሎ ማስለፈፍ» ብለው ክሱን አሰሙ። አባቴ ሳይጠየቅ ብድግ አለና፣ «ሞተሯን ነገ ለቁራሌው እሰጣለሁ» ብሎ ተቀመጠ። አጠገቤ ወንድሜ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ።

ሞባይል ሻጩ ደግሞ እንባው ገና ሳይደርቅ ተነሳ። «ጎበዝ፣ ይሄ እኮ ምልክት ነው! ዛሬ እውነት ሞት ቢሆን ኖሮ ማን ሊነግረን ነበር? ሰውየው መራመድ አይችሉም። ሚሌኒየም እየገባ ጡሩንባ! ስልክ እንግዛ፣ በስልክ እንነጋገር፣ አለቀ።» ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አባባ ጡሩንባ የፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የጡሩንባቸውን አፍ በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ይወለውላሉ፣ ያዩታል፣ ደግሞ ይወለውላሉ። አንጀቴን በሉት።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁና፣ «ልዋጭ እናድርግ!» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?»

አባቴ ጣሪያውን እያየ፣ «የኔ ናት፣ ምን ላድርግ» አለ።

«ሞተሯን ለቁራሌው ከምትሰጡ ለእድሩ ትስራ» አልኩ። «ወንድሜ ይነዳል፣ አባባ ጡሩንባ ይቀመጣሉ። ላይኛው መንደር ከታችኛው ቀድሞ ይሰማል። እኛ ሞተር እንሰጣለን፣ እናንተ ጡሩንባውን አትነኩባቸውም። በቃ!» ከጋራዥ ሰዎች ጋር ስደራደር እንደማደርገው ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ቀድሞ የተናገረ ይሸነፋል።

ቀድሞ የተናገረው ሞባይል ሻጩ ነው። «ሞት በእሽቅድድም ሞተር ይለፈፋል እንዴ? ነውር አይደለም?»

አባባ ጡሩንባ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «አንተ በጠዋት ከኪስህ አውጥተህ ‹ሃሎ፣ እናትህ ሞተዋል› ልትል ነው፣ እኔ ነኝ ነውረኛው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛውም ሥነ ሥርዓታቸውን ረስተው ሳቁ። ያኔ እንዳሸነፍን አወቅኩ። አስፋልት እንዳትወጣ፣ መንደር ለመንደር ብቻ እንድትሄድ ተወሰነ። አባባ ጡሩንባም የራሳቸውን ጨመሩ፦ «ድምጿ ይዘጋ። ለአንድ ሰፈር አንድ ጡሩንባ ይበቃል።»

ድምጿን ለመዝጋት ማርሚታ ያስፈልጋል፤ ማርሚታ ደግሞ በልዋጭ ነው። የቀራት የሚያምር ነገር እነዚያ ሰፋፊ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነበሩ። ቡልጋሪያ ወስደን በአሮጌ የቬስፓ ማርሚታና በቀጫጭን ጎማዎች ለወጥናቸው። ወንድሜ ጎማዎቹን አቅፎ ሲሰናበት ጋራዡ በሙሉ ሳቀበት። ስፖርቷ አለቀ፤ እንደ ሕፃን ጋሪ ሆነች። ያን የድንኳን ብረት ግን «ሳውንዱ» ብሎ አልጥልም አለ፤ አልጋው ሥር ከተተው።

አባባ ጡሩንባ ፊታቸውን ወደ ፊት አዙረው ከነፉ የወንድሜ ጆሮ ስለሚደነቁር፣ የእድሩን አንድ ታጣፊ ወንበር ከኋላዋ ላይ በየድንላቸው፤ ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነበር የሚቀመጡት። ወንድሜን በከዘራ ጀርባውን አንዴ ሲነኩት ይቆማል። ነፍተው፣ አስለው፣ ለፍፈው ሲጨርሱ «ሳበው!» ይሉታል። ውሻ ሁሉ ተከትሎ ይጮሃል፤ እሳቸው ከውሾቹ ጋር ፊት ለፊት ስለሆኑ «ሂድ፣ አንተን አይመለከትህም» እያሉ ይሄዳሉ። ሐዘንተኛው ቤት ሲደርሱ ብቻ ወርደው፣ እያነከሱ በእግራቸው ይገባሉ። «እዚህ በሞተር አይገባም» ይላሉ።

ባለሱቋን ግን አልማሯትም። ክብሪት ሊገዙ በቆሙ ቁጥር፣ «አንቺ ድርሻሽን ጨርሰሻል፤ ስሞት እንዳትደክሚ» ይሏታል። «ይተዉኝ እስቲ አባባ!» ትላለች፣ በሐፍረት ፊቷን በነጠላዋ እየሸፈነች። ለዓመታት የሰፈሩ ሳቅ ይቺ ነበረች።

ያ ባለ ማሽኑ ልጅ እያጨደ ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄዷል። እዚያ ጋ የእድሩ ቤት ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ሄደ፤ አሁን ሞት የሚነገረን በስልክ በተከፈተ ግሩፕ ነው። ሞባይል ሻጩ በመጨረሻ አሸነፈ። ስልኬ ጠዋት ጠዋት ጢን ሲል ግን የማን ሞት እንደሆነ ማንበብ እፈራለሁ።

አባባ ጡሩንባ ያረፉት ከዚያ ሁሉ ሳቅ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በክረምት፣ በእንቅልፋቸው ነው። ሰዎች ወደማምሻው ለጉዳይ ሲያንኳኩ ነው የታወቀው። የእድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ጡሩንባው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አያነሳውም። ሞባይል ሻጩ ስልኩን አወጣና፣ «እኔ ለሁሉም...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው። «አይሆንም፣ ለእሳቸው በስልክ አይሆንም» አለ። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ። ቤት ስደርስ ሞተሯ ሥር ተኝቶ የቬስፓውን ማርሚታ ይፈታ ነበር። የድንኳኑን ብረት ከአልጋው ሥር አውጥቶ አጠገቡ አስቀምጦታል። አባቴ ባትሪ አብርቶ ይዞለታል።

ጎህ ሲቀድ እኔ በእሳቸው ወንበር፣ ፊቴን ወደ ኋላ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ጡሩንባውን ጭኔ ላይ ይዤ። ወንድሜ ረገጣት። ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ጩኸቷን ጮኸች፤ «ጡኡኡኡ» ብላ አላዘነች። ቀስ ብለን መንደሩን ዞርን። በሮች ተከፈቱ። ማንም «ማነው ያረፈው?» አላለም። ወደ ኋላ ስለምሄድ ያለፍናቸውን ሁሉ አያለሁ፤ በየደጃፉ ቆመው ነጠላቸውን ሲዘቀዝቁ፣ በውስጥ ልብስ የወጡ ልጆች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩን። እሳቸው ስንት ዓመት ሙሉ ይህንን ሲያዩ እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። ባለሱቋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። እኔን አየች፣ ጭኔ ላይ ያለውን ጡሩንባ አየች። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ድርሻሽን ጨርሰሻል ብለውሻል» አልኳት።

«የዚያን ጊዜው አይቆጠርም» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።